የዋስ ወንበር

«እኔ አልቀመጥም» አለ አባትየው፣ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እንደነከረ። «ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ልጅቷ የእሱን የቆዳ ቆብ ጉልበቷ ላይ አድርጋ በእርጥብ ጨርቅ ትወለውልለት ነበር። እጇ ባለበት ቀረ። ምን ማለት ነው አልቀመጥም ብትለው፣ ጉልበቴን አሞኛል አላት። ዳቦው ሻዩ ውስጥ ርሶ ሰመጠ፤ በማንኪያ ሊያወጣው ሞከረና ተወው። ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። እናትየው ጀርባዋን ሰጥታ ድስት ታጥባለች። ድስቱ ማታ ታጥቦ የተደፋ ነበር።

በዚያ ቤት ስለ ጉልበት ሲወራ ተሰምቶ አያውቅም። ሰውዬው ትናንት እንኳ ቀኑን ሙሉ አውሮፕላኑ ሆድ ስር ተንበርክኮ ነው የዋለው፤ ሲገባም ደረጃውን እየዘለለ ነው የወጣው። «እሺ» አለች ልጅቷ። ቆቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ሌላ ጊዜ አባትና ልጅ አብረው ነበር የሚወጡት፣ እየተጎሻሸሙ፣ አንዱ የሌላውን የቱታ ኮሌታ እያቀና። ዛሬ አባትየው በሩ እስኪዘጋ፣ የእግሯ ኮቴም ከደረጃው እስኪጠፋ ጠብቆ ተነሳ። ሚስቱ አጠገብ ሲደርስ የሚናገር መስሎ ቆመ። ከዚያ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጡረታ የወጡ ካፒቴን ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ የድሮ የማሠልጠኛ አውሮፕላን፣ እህል መጋዘን ጥግ ዶሮ ሰፍሮበት አገኙና ገዙት። ዘመድ ሁሉ አበዱ አላቸው። እሳቸው ዘመዶቻቸውን ትተው ብሎንን ጠሩ። ብሎን የሚሉት ይህንኑ የእሷን ባል ነው፤ እናቱ ባወጣችለት ስም በሥራ ቦታ የሚጠራው የለም። ካፒቴኑን ሐኪም ስለ ልባቸው ሲል ከመብረር ስላገዳቸው፣ አብራሪዋ በእጃቸው ያሠለጠኗት የብሎን ልጅ ሆነች። የአውሮፕላኑ ክንፎች ደግሞ እንጨትና ጨርቅ ናቸው። ጨርቁ በረጅም መርፌ፣ በሰም በታሸ ክር በእያንዳንዱ የእንጨት አጥንት ላይ በእጅ ይሰፋል፤ ከዚያ ቫርኒሹን ሲጠጣ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ለዚህ ሥራ ሰው ሲፈለግ ብሎን፣ ሚስቴ አለች፣ እሷ የሰፋችው ሱሪ ጨርቁ ያልቃል እንጂ ስፌቱ አያልቅም አለ። እንዲህ ሆኖ ቤተሰቡ በሙሉ እዚያ አውሮፕላን ውስጥ ገባ።

ካፒቴኑ አንድ የማይለቁት ልማድ አላቸው። ወጣት ሳሉ ያወቋቸው መካኒኮች ሁሉ የያዙት ነው። ታድሶ ለመጀመሪያ ቀን በሚነሳ አውሮፕላን ላይ አብራሪው የኋላውን ወንበር ይይዛል፤ የፊተኛው ላይ የሚቀመጠው የጠገነው ሰው ነው። የዋስ ወንበር ይሉታል። ሰው ለባዳ የሚያጠብቀው ብሎንና ለራሱ ነፍስ የሚያጠብቀው አንድ አይደለም፣ አንድ የሚያደርገው ይህ ወንበር ነው ይላሉ። ክፉ ቀን ቢሆን መሬቱ ቀድሞ የሚያገኘው ዋሱን ነው።

እናትየው ይህን የሰማችው ባለፈው ሳምንት፣ የመጨረሻውን ስፌት ቋጥራ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ነበር። ቀለም ቀቢው እንደ ጨዋታ ነገራት። እቤቷ እስክትደርስ ትንፋሿ አልተመለሰም። ባሏ እግሩን ሲታጠብ ሳፋውን ከስሩ ጎትታ ወሰደችና፣ ሁለታችሁንም ባንድ ቀን አልቀብርም፣ ማል አለችው። ሳቀባት። አለቀሰች። በመጨረሻ ሳሙናው እግሩ ላይ እየደረቀ በልጁ ማለላት። ከልጅቷ ጋር አብሮ ላይወጣ፣ ለምን እንደሆነም ላይናገር። ሁለተኛውን የጨመረችው እሷ ናት፤ ልጅቷ ብትሰማ ስቃ ታስፈታዋለች ብላ ፈርታ ነው።

እሷ እንዲህ ናት። ስልክ ባልተለመደ ሰዓት ከጮኸ ሳታነሳው ጫማዋን ታደርጋለች። ልጇ ካመሸች ሆስፒታሎቹን በልቧ በቅርበታቸው ትደረድራለች። ሁልጊዜም መስኮቱ ጋ ቆማ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና መንገዱን ታያለች፤ ባሏም ከአልጋው ሆኖ «ቁጭ በይ አንቺ ሴትዮ፣ ምንም አይሆኑም» ይላታል። አንዳንዴ፣ አንቺ ዜና አንባቢ ብትሆኚ ኖሮ አገሩ በሙሉ ተሰዶ ያልቅ ነበር ብሎ ይጨምራል። ስታስምለው ሒሳቧ አጭር ነበር፤ እሱ ካልወጣ ቢያንስ አንዱ ይተርፍልኛል። ወንበሩ ባዶ ሲቀር ሰው ምን እንደሚል፣ ልጅቷ ምን እንደምታስብ አልመጣላትም። ዛሬ ልጅቷ ስትወጣ ግን ፊቷን አየች፤ ፊቷ ላይ የነበረው ደግሞ ቁጣ ብቻ አልነበረም።

ሁለቱ ክፍሎች ጸጥ አሉ። መስፊያ መኪናዋ ላይ የደምበኛ ሱሪ ግማሽ እግሩ ተሰፍቶ ተንጠልጥሏል። አጠገቡ ለፊተኛው ወንበር የሰፋችው ትራስ አለ፤ በባሏ ወገብ ልክ የተለካ፣ ጠርዙ ብቻ የቀረ። ጠርዙን ጨረሰች፤ ሁለት ጊዜ ፈታ ሁለት ጊዜ ሰፋችው። ባዶ ለሚሄድ ወንበር ትራስ ምን ያደርግለታል ብላ አስቀመጠችው። ከዚያ ያንኑ ትራስ አንስታ በፌስታል ከተተች፤ ቆቡንም ከጠረጴዛው አንስታ እላዩ ላይ ጨመረች። ሰው ለምን መጣሽ ቢላት ትራስ ላደርስ ማለት ትችላለች። ታች ያለው ሱቅ ዳቦ ልትገዛ ቆማ ነበር፤ ዋጋው ያው ነው፣ የቀነሰው ዳቦው ነው። ባለሱቁ ዛሬ ነው አሉ የልጅሽ ቀን ሲላት ዳቦውን ሳትቀበለው ሄደች።

ታክሲ ውስጥ እንደ ልማዷ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጠች። እዚያ የምትቀመጠው መንገዱን ለመጠበቅ ነው፤ ሌላ መኪና በተጠጋ ቁጥር ቀኝ እግሯ ወለሉን ይረግጣል። ዛሬ አበዛችው መሰለኝ ሾፌሩ በመስታወቱ አያትና «እትዬ፣ ፍሬኑ እኔ ጋ ነው» አላት። ተሳፋሪው ሳቀ። እሷም ፈገግ ልትል ሞከረች። እግሯ ግን አልሰማትም፤ እስከ መጨረሻው ሲረግጥ ሄደ።

ሃንጋሩ ከአየር ማረፊያው አጥር ጥግ ያለ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። ሁልጊዜ የሚቀበላት የቫርኒሽና የነዳጅ ሽታ ነበር፤ በሩ ወለል ብሎ ስለተከፈተ ዛሬ ሽታውም የለም። አውሮፕላኑ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ጎማዎቹ ስር ታኮ ገብቶለታል። ቢጫ ነው። እሷ ጨርቅ ሆኖ፣ አመድማ ሆኖ፣ ጭኗ ላይ ተዘርግቶ ነበር የምታውቀው። ካፒቴኑ ከማማው የተፈቀደላቸው ከሰዓት በኋላ ያለችውን ትንሽ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች መምጣት ይጀምራሉ፣ ነገ ደግሞ ነፋሱ አይታወቅም። ባሏ ከሞተሩ ጎን ቆሞ የማሰሪያ ሽቦ በፒንሳ ይጠመዝዛል። ሽቦው የታሰረ ነበር። ጠዋት እሷ የታጠበ ድስት እንዳጠበችው ሁሉ ያሰረውን እያሰረ ነው።

ቀለም ቀቢውና ነዳጅ የሚቀዳው ሰውዬ በሩ ጥላ ስር ተቀምጠው ያወራሉ። ከፌስታሏ ጋር ግድግዳውን ታክካ ስትመጣ አላዩዋትም። ጋሽ ብሎን አልቀመጥም ብሏል እኮ ይላል አንደኛው። ጉልበቱን ነው አሉ። የምን ጉልበት፣ አብሳዩ ያልቀመሰውን እንግዳ ይብላ እንዴ አለ ቀለም ቀቢው። ነዳጅ ቀጂው፣ ታዲያ አንተ ለምን አትቀመጥም፣ እጅህ አርፎበት የለም ወይ ቢለው፣ እኔ ዋስ የምሆነው ለቀለሙ ነው፣ ቢወድቅም ቢጫ ሆኖ ነው የሚወድቀው አለ። ሳቁ። ባሏ ሁሉንም ይሰማል፤ ፒንሳው ለአፍታ ቆመና ቀጠለ። ዕድሜ ልኩን ብሎን አጥብቆ ያገኘው ስም በአንድ ቀን የሰው መቀለጃ ሲሆን፣ ዘወር ብሎ ሚስቴ አስምላኝ ነው አላለም። እሷም ከግድግዳው አልተላቀቀችም።

አልፋቸው ወደ አውሮፕላኑ ጅራት ስትጠጋ የልጇን ድምፅ ሰማች። ካፒቴኑን ነው የምታናግረው። ባዶ ወንበር ይዤ እነሳለሁ ትላለች። ካፒቴኑ ባዶ ወንበር ያለ ዋስ ማለት ነው፣ እኔ እንዲህ ዓይነት መነሳት አይቼ ደግ ነገር አላየሁበትም፣ ይቆይ፣ ሌላ ቀን እንለምናለን ይሏታል። እሷ እንቢ አለች። ድምፅዋ ግን የእንቢታ አልነበረም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች። «ያላመነው ሥራውን ነው ወይስ እኔን?»

እናትየው የጅራቱን ጫፍ ይዛ ቆመች። እንደዚህ ሆና፣ ይህን በልቧ ይዛ ልትነሳ ነው። መንገድ ላይ እንኳ የተናደደ ሾፌር ምን እንደሚያደርግ እሷ ታውቃለች፤ የተናደደ ሾፌር ሲያጋጥማት የምትሄድበት ሳትደርስ ትወርዳለች። ይህችን ማን ያወርዳታል?

ወደ ባሏ ሄደች። በሹክሹክታ ንገራት አለችው። ከሽቦው ቀና ሳይል፣ ምን ልበላት፣ እናትሽ ዛሬ ትሞቻለሽ ብላ አስባለች ልበላት፣ ልትነሳ ስትል፣ አላት። ከዚያ ፒንሳውን አወረደና ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አያት። «መሐላዬን ፍቺኝና ልቀመጥ» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው፣ እንደሚለምን። ምላሷ ላይ ነበረ፣ ፈትቼሃለሁ ልትል። ግን በልጅቷ የተማለ ነው። በልጅ የተማለ መሐላ፣ ያችው ልጅ አየር ላይ በምትወጣበት ቀን፣ በዚያው አውሮፕላን ሲፈርስ ታያት። አፏ ተከፍቶ ቀረ። እሱ ጠበቀ፤ ከዚያ እንደማይመጣ ሲገባው ፒንሳውን ኪሱ ከተተና ታኮውን ሊያይ ጎንበስ አለ።

ልጅቷ ቱታዋን እስከ አንገቷ ዘግታ መጣች። ሰዓቱ ደርሷል። አባቷን አልፋ፣ እዚያ እንዳልቆመ ሰው አልፋ፣ እግሯን ክንፉ ስር ያለው መርገጫ ላይ አደረገች። እናትየው የሰፋችውን ክንፍ አየች። ቢጫው ስር ስፌቱ እንደ ደም ሥር ረድፍ ረድፍ ሆኖ ይታያል። እያንዳንዱን ቋጠሮ ስትቋጥር ይህ ቢፈታስ እያለች ነበር፤ ስለዚህ ሁሉንም ደግማ ቋጥራለች። እዚህ መሬት ላይ ቆማ፣ እጇን አናቷ ላይ ጭና፣ ያ ቢጫ ነገር ነጥብ እስኪሆን ስታይ ታያት። ያንን ያህል መቆም እንደማትችል ገባት። ሌላው ሁሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ጋሼ» አለች ካፒቴኑን፣ «ዋስ የሚሆነው ማነው?»

እጁ ያረፈበት ሰው ነው አሏት።

«ክንፉን የሰፋሁት እኔ ነኝ።»

ቀለም ቀቢው ከተቀመጠበት ተነሳ። ልጅቷ እግሯን ከመርገጫው አውርዳ እናቷን አፍጥጣ አየቻት። «እማዬ፣ አንቺ በአሳንሰር እንኳ አትወጪም» አለች።

«አሳንሰሩን እኔ አልሰፋሁትም።»

የሳቀ የለም፣ ከካፒቴኑ በቀር፤ እሳቸውም ወዲያው በሳል አስመስለው ዋጡት። እናትየው ድምፅዋ እንዳይከዳት ቶሎ ቶሎ ተናገረች። «አባትሽን ያስማልኩት እኔ ነኝ። በአንቺ ነው ያስማልኩት፣ አብራችሁ እንዳትወጡ። ሥራውንም ያምናል፣ አንቺንም ያምናል። የማላምነው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ ምንም አላምንም፣ ታውቂኛለሽ።» ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች። አባትየው ታኮውን እያየ በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። ልጅቷ ሄዳ የቱታውን ኮሌታ አቀናችለት። ከጠዋት ጀምሮ እንደተጠመዘዘ ነበር።

ከዚያ ነው ሰውዬው የነቃው። አይሆንም አለ። አንቺ የት ነው የምትወጪው፣ ደም ግፊትሽስ፣ ራስሽንስ ቢያዞርሽ፣ ሞተሩ አየር ላይ ቢያስልስ አለ። እሷ ስትናገረው የኖረችውን ቃል በሙሉ ከእሱ አፍ ስትሰማ ገረማት። ስለ እኔ ያስማለህ የለም ብላ ትራሱን ከፌስታሉ አወጣች። ቆቡን ደፋችው፤ ሰፋትና ዓይኗ ላይ ወረደ። እሱ መጥቶ አገጯ ስር አሰረላት። ዓይን ተጨፍኖ ዳዶ ብሎን ላይ የሚያስገባ እጅ ማሰሪያውን ሦስት ጊዜ ሳተው።

ካፒቴኑ የፊተኛው ወንበር ላይ አስቀምጠው ወገቧን በቀበቶ ካሰሩ በኋላ ጎንበስ ብለው ጆሮዋ ላይ፣ «እህቴ፣ ከእግርሽ ስር ያሉት ሁለት ፔዳሎች ጌጥ አይደሉም። ልጅሽ ከኋላ የምትረግጣቸው ከእነዚህ ጋር የታሠሩ ናቸው። ምንም ብታዪ፣ ምንም ቢመጣ፣ እንዳትረግጪ» አሏት። ወደ ታች አየች። በሕይወቷ ሙሉ የሌለ ፍሬን ስትረግጥ ኖራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ፔዳል እግሯ ስር አለ። ሁለት እግሯን ወደ ኋላ አጠፈች፣ ወንበሩ ስር አጣመረቻቸው።

ባሏ ፕሮፔለሩን በእጁ ጎተተው። ሞተሩ አንድ ጊዜ አስሎ ዝም አለ። ደግሞ ጎተተው። ሰማያዊ ጭስ ተፋና ያዘ፤ ጥርሷ ሁሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ታኮው ወጣ። ሣሩ እየሮጠ መጣ፣ የአጥሩ ሽቦ መጣ፣ የሆነ የሚያንገጫግጭ ነገር ሲያንገጫግጫቸው ቆየና በድንገት ቆመ። ወደቅን አለች በልቧ። ዓይኗን ስትገልጥ መሬቱ አጠገባቸው አልነበረም።

ልጇን ማየት አትችልም፤ ከኋላዋ ናት። ይህን አላሰበችበትም ነበር። ያላት ክንፉ ብቻ ነው። ነፋሱ ጨርቁን በየአጥንቱ መሐል ወደ ላይ ሲስበው፣ ቋጠሮዎቹ ሲይዙት ታያለች፤ ሲስበው፣ ሲይዙት። ጫፉ ጋ አንድ ስፌት ጠመም ብላለች። አንድ ዘመድ ሰምታው የማታውቀውን ወሬ ይዞ የመጣ ቀን ነበር ያንን የሰፋችው፣ ልቧ ወሬው ላይ ሆኖ። ጠመም ያለችውም ይዛለች። ክንፉ ሲያዘነብል መስኮቷ ጋ የምትቆምበት ከተማ ስሯ ተዘረጋ፤ ሃንጋሩ የክብሪት ቤት አክሎ፣ ከፊቱ ካፒቴኑ፣ ቀለም ቀቢው፣ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው። ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኗል። ማነው ብላ ማሰብ አላስፈለጋትም፤ አቋቋሙን ታውቀዋለች፣ የራሷ ነው። ቁጭ በል አንተ ሰውዬ አለች፣ ሞተሩ ሳያሰማት፣ ምንም አንሆንም።

መውረዱ ነው የከፋው። ልጅቷ ሞተሩን ቀነሰችው፤ ነፋሱ በሽቦዎቹ መሐል ማፏጨት ጀመረ። መሬቱ መጣ። ቀስ ብሎ የሚመጣ መስሎ ነበር፣ ከዚያ ግን ፈጠነ፣ አጥሩ ከስር አለፈ፣ እያንዳንዱ ሣር ለብቻው መታየት ጀመረ፤ ከዚህ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። ቀኝ እግሯ ከወንበሩ ስር ተፈታ። እሷ አላዘዘችውም። የጫማዋ ጫፍ የፔዳሉን ብረት ነካ። ሁለት እጇን ሰዳ የገዛ ጉልበቷን እንደ ሌባ ያዘችው፣ ወደ ራሷ ጎተተችው፣ በጥፍሯ ጨመቀችው። ልጄ ትረግጣለች አለች፣ ልጄ ነች የምትረግጠው። ጎማው ነካ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ነካ። ከዚያ ያ የጠላችው መንገጫገጭ መጣ፤ እንደዚያ ያለ ደስ የሚል መንገጫገጭ አይታ አታውቅም።

ሞተሩ ሲጠፋ ጆሮዋ ጭው አለ። ልጅቷ ከኋላ ወጥታ ደርሳ አንገቷን አቀፈቻት፤ ፊቷ ዘይት ተረጭቶበት ነበር። ምንም አልረገጥሽም አለቻት፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም፣ አንዴም አልረገጥሽም። ቀለም ቀቢው ታኮውን ከጎማው ስር አስገባ። ይህ የብሎን ሥራ ነበር። ብሎን ግን እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጠዋት የዋሸበት ጉልበት አሁን እውነትም አልይዝ ብሎታል።

በልጇና በካፒቴኑ ተደግፋ ወረደችና ሄዳ አጠገቡ ቆመች። ቀና ብሎ አያት። ከንፈሩ ነጥቷል። ስትሄዱ ያን ያህል፣ ስትዞሩ ያን ያህል ቆያችሁ ብሎ ጀመረ፤ አልጨረሰውም። እጁን ዘርግቶ የቀሚሷን ጠርዝ ያዘ።

«ማይ» አላት። «በልጅሽ ማይ፣ ሁለተኛ እዚያ ወንበር ላይ እንዳትወጪ።»

እናትየው ሳፋው ትዝ አላት፣ እግሩ ላይ ሲደርቅ የነበረው ሳሙናም። ለካስ እሱም ያን ቀን እንዲህ ነበር ወደ ላይ ያያት። አገጯ ስር ያለውን ማሰሪያ ፈታች፤ ቆቡን አውልቃ እሱ ጭንቅላት ላይ ደፋችለት።

«አልምልም» አለች። «የአንተንም ፈትቼልሃለሁ። ይልቅ ያ ትራስ ይንሸራተታል፣ አንተ ስትቀመጥ ይጥልሃል። ማታ ማሰሪያ እሰፋለታለሁ።»